አርዛማስ፦ በሕይወት ላሉ ሙሾ የሚያወርደው የቀልድ ማኅበር

ሴፕቴምበር 23 ቀን 1815 ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ አንድ አዲስ ኮሜዲ መድረክ ላይ ወጣ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ ናቸው፤ ቀኖቹ ደግሞ ሩሲያ ያኔ ትከተለው በነበረው አሮጌ አቆጣጠር።) ደራሲው ልዑል አሌክሳንደር ሻኾቭስኮይ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው ሊፔትስክ ነው፤ ያኔ ሀብታሞች ለጤናቸው ብለው ማዕድን ያለው ውሃ ሊጠጡና ሊታጠቡ የሚሄዱባት ከተማ። ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ፊያልኪን የሚባል ገጣሚ ነው። ስለ ሙታንና ስለ እኩለ ሌሊት እያለቃቀሰ ይዘፍናል፣ አዳራሹ በሳቅ ያውካካል።

ፊያልኪን ማን እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገም። በዚያ ሰሞን ስለ ሙታንና ስለ እኩለ ሌሊት በግጥም የሚተርክ ስመ ጥር ገጣሚ አንድ ብቻ ነበር፤ ቫሲሊ ዙኮቭስኪ። ዙኮቭስኪ ደግሞ እዚያው አዳራሽ፣ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጧል። እሱ እንኳ ነገሩን በትዕግሥት አሳለፈው። ጓደኞቹ ግን ደማቸው ፈላ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አርዛማስ ተወለደ።

አርዛማስ በሩሲያ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ብዙ የሚወራለት፣ ዕድሜው ግን ሦስት ዓመት ያልሞላ ማኅበር ነው። የተቋቋመው ለቀልድ ነው። መሐላውም፣ የምስጢር ስሙም፣ ማኅተሙም ቀልድ ነው። ታዲያ ቀልደኞቹ ኋላ ሚኒስትርና ዲፕሎማት ሆኑ፣ ሌሎቹ የሳይቤሪያ እስረኛ፣ አንዱ ደግሞ አሌክሳንደር ፑሽኪን። ስለዚህ ቀልዱን ከሥሩ ማየት ሳያስፈልግ አይቀርም።

ጠቡ የተጀመረው ከኮሜዲው ቀደም ብሎ ነው። በ1803 አድሚራል አሌክሳንደር ሺሽኮቭ የሚባል ሰው ስለ ሩሲያኛ አሮጌና አዲስ አጻጻፍ አንድ መጽሐፍ አወጣ። ክሱ ግልጽ ነው። ወጣት ጸሐፊዎቻችንን ፈረንሳይኛ በልቷቸዋል፤ ቃሉንም አረፍተ ነገሩንም ከዚያው ይቀዳሉ፤ መመለስ ያለብን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስላቮንኛ ነው ይላል። በወዲያኛው ወገን የቆመው ጸሐፊው ኒኮላይ ካራምዚን ነው። የእሱ ተከታዮች ሰው በወግ እንደሚያወራው መጻፍ አለብን የሚሉ ናቸው።

በ1811 ሺሽኮቭና አዛውንቱ ገጣሚ ጋቭሪላ ዴርዛቪን «የሩሲያ ቃል ወዳጆች ጉባኤ» የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። በአጭሩ ቤሴዳ ይባላል። ማኅበሩ ሁለመናው ክብደት በክብደት ነው። አባላቱ በአራት ክፍል ተደልድለዋል፤ ለየክፍሉ አለቃ ተሹሞለታል። ስብሰባው ፎንታንካ ወንዝ ዳር ባለው የዴርዛቪን ቤት ትልቅ አዳራሽ ነው። እንግዳ የሚገባው በጥሪ ካርድ ነው፤ ባለ ማዕረጉ ኒሻኑን ደርድሮ፣ ሴቶቹ የጭፈራ ቀሚሳቸውን ለብሰው። ከዚያ ንባብ ይጀመራል። ይነበባል፣ ይነበባል፣ አሁንም ይነበባል። የተረቱ ሊቅ ኢቫን ክሪሎቭ የዚሁ ጉባኤ አባል ነበር። አንድ ቀን ረጅም ንባብ ሲያሰለች አርፍዶ ይደርስና፣ ጎረቤቱን የዓሣ ሾርባ ጨምር ጨምር እያለ እስኪያስመልጠው ስለሚያጠግብ ሰው የጻፈውን ተረት አነበበላቸው ይባላል። ታዳሚው ገብቶታል።

እዚህ ላይ ለቤሴዳዎች ጠበቃ መሆን ያስፈልጋል። ክሪሎቭና ዴርዛቪን ያሉበትን ማኅበር የደነዞች ስብስብ ማለት አይቻልም። እንዲያውም ዛሬ ክርክሩን ያጠኑ ሰዎች ሺሽኮቭ አንዳንድ ነጥብ ነበረው ይላሉ። ግን ቀልድ ሚዛን አይዝም። አርዛማሶች የያዙት የቤሴዳን ሐሳብ ሳይሆን ኩራቱን ነበር፤ ኩራት ደግሞ ለቀልድ ይመቻል።

ከኮሜዲው በኋላ የብዕር ጦርነቱ ተቀጣጠለ። ዲሚትሪ ዳሽኮቭ ለሻኾቭስኮይ «ለአዲሱ አሪስቶፋን» ብሎ ግልጽ ደብዳቤ አሳተመ፤ አሪስቶፋን የጥንት ግሪክ የኮሜዲ ጸሐፊ ነው። ልዑል ፒዮትር ቪያዜምስኪ ከሞስኮ ሆኖ ስድብ አዘል አጫጭር ግጥሞች ደረደረ። ማኅበሩን የወለደው ግን የዲሚትሪ ብሉዶቭ ጽሑፍ ነው። ብሉዶቭ ወደ ርስቱ ሲጓዝ አርዛማስ በምትባል የክፍለ አገር ከተማ አልፎ ነበር። አርዛማስ በኒዥኒ ኖቭጎሮድ ግዛት ያለች፣ በሰቡ ዝዮቿ የታወቀች ከተማ ናት፤ በሥነ ጽሑፍ ማንም አይጠራትም። ብሉዶቭ በጽሑፉ ማንም የማያውቃቸው የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች አርዛማስ ውስጥ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ተሰብስበው፣ በአጎራባች ክፍል አንድ ወፍራም መንገደኛ በእንቅልፍ ልቡ ሲቀባጥር ይሰማሉ ብሎ ጻፈ። ወፍራሙ መንገደኛ ሻኾቭስኮይ ነው። ሰውየው በእውነትም ሰውነቱ ከበድ ያለ ነበር።

ጓደኞቹ ይህን ሲያነቡ ለምን እኛ ራሳችን እነዚያ ያልታወቁ ሰዎች አንሆንም አሉ። ኦክቶበር 14 ቀን 1815 ስድስት ሆነው ሰርጌይ ኡቫሮቭ ቤት ተሰበሰቡ። ዙኮቭስኪ፣ ብሉዶቭ፣ ኡቫሮቭ፣ ዳሽኮቭ፣ አሌክሳንደር ቱርጌኔቭ እና ስቴፓን ዢኻሬቭ። (ይህ ቱርጌኔቭ ልብ ወለድ ጸሐፊው አይደለም፤ ያኛው ገና አልተወለደም።) ስማቸውንም «የአርዛማስ ያልታወቁ ሰዎች ማኅበር» አሉት። ልብ በሉ፣ ዙኮቭስኪ በመላ አገሩ የታወቀ ገጣሚ ነው፤ ኡቫሮቭ ትልቅ ባለሥልጣን ነው። አልታወቅንም ማለታቸው ለኒሻን ደርዳሪዎቹ የተወረወረ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የፈረንሳይ አካዳሚ ውስጥ አዲስ አባል ሲገባ፣ ወንበሩን የተወለትን ሟች የሚያወድስ ንግግር ያደርጋል። አርዛማሶች ይህን ሥርዓት መኮረጅ ፈለጉ። ችግሩ ማኅበሩ አዲስ ስለሆነ ሟች የለውም። በዚያ ላይ አባላቱ ራሳቸውን ዘላለማዊ ብለዋል፤ ሊሞትላቸው የሚችል ሰው አይገኝም። መፍትሔው ከቤሴዳ ሟች መከራየት ሆነ። አዲሱ አባል ከቤሴዳ አንድ ሰው ይመርጣል። ሰውየው ጤነኛ ነው፣ ምሳውን በልቶ ቤቱ ተቀምጧል። አርዛማስ ውስጥ ግን ሙሾ ይወርድለታል። ሥራዎቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ይለቀስላቸዋል፤ ከራሱ ግጥም የተቀነጨበውን እየጠቀሱ፣ በታላቅ ሐዘን። እኛ የቁም ተዝካር የምንለውን ሰውዬው ሳያውቅ ማውጣት በሉት።

የዢኻሬቭ ጣጣ ደግሞ ለብቻው ነው። ዢኻሬቭ ቀደም ሲል የቤሴዳ ተባባሪ አባል ነበር። ስለዚህ ሙሾውን ያወረደው ለራሱ ነው። አሮጌው ዢኻሬቭ ሞቷል ብሎ፣ ቆሞ፣ ራሱን ቀበረ።

ስብሰባ በተደረገ ቁጥር ሊቀ መንበር ይመረጣል፤ ተመራጩ ቀይ ቆብ ያጠልቃል። ቋሚ አለቃ የለም። ቋሚ አዳራሽም የለም፤ ጥቂት አባላት የተገናኙበት ቦታ ሁሉ፣ ጎጆም ይሁን ሠረገላ፣ አርዛማስ ነው ተብሎ ተደነገገ። የቤሴዳን አዳራሽ ካሰብን ይቺ ትንሽ ደንብ ከማንም ሙሾ በላይ ትናከሳለች። ጸሐፊው ዙኮቭስኪ ነበር። ቃለ ጉባኤው ቀን የሚቆጥረው ከክርስቶስ ልደት ሳይሆን «ከሊፔትስክ የጥፋት ውሃ» ነው፤ ያንን ኮሜዲ ማለታቸው ነው። ስብሰባው የሚዘጋው በእራት ሲሆን እራቱ ደግሞ የአርዛማስ ዝይ ጥብስ ነው። ዝይ ያልቀረበ ዕለት ጉድለቱ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። ማኅተሙም ላይ ያለው ያው ዝይ ነው። የክብር አባላቱ «የክብር ዝዮች» ይባላሉ። ካራምዚን የክብር ዝይ ነበር። ኋላ የግሪክ የመጀመሪያው ርእሰ መንግሥት የሆነው፣ ያኔ በሩሲያ ውጭ ጉዳይ የሚሠራው ዮአኒስ ካፖዲስትሪያስም የክብር ዝይ ነበር።

የምስጢር ስሞቹ የተወሰዱት ከዙኮቭስኪ ግጥሞች ነው። ተሳድቦበት የነበረው ግጥም የማዕረግ መዝገብ ሆነ ማለት ነው። ዙኮቭስኪ ራሱ ስቬትላና ተባለ፣ በግጥሙ ያለችው ኮረዳ። ኡቫሮቭ «አሮጊቷ» ሆነ። ብሉዶቭ ካሳንድራ። ገጣሚው ባትዩሽኮቭ፣ አጭርና ደካማ ሰው፣ በጥንቱ የግሪክ ጀግና ስም አኪልስ። ለአሌክሳንደር ቱርጌኔቭ የወጣለት «የነፋስ በገና» የሚል ስም ነው፤ ሲሰሙት ያምራል። ምክንያቱ ግን በልቶ የማይጠግበው ሆዱ ሳያቋርጥ ይጮህ ስለነበር ነው።

ስለ አቀባበሉ ሥርዓት ከተነሣ የቫሲሊ ፑሽኪንን ነገር ዘርዘር አድርጎ ማውራት ግድ ነው። ቫሲሊ የታላቁ ፑሽኪን አጎት ነው፣ የአባቱ ወንድም። ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ወፍራም፣ ደግ፣ የነገሩትን ሁሉ የሚያምን ገጣሚ። በማርች 1816 ገደማ ከሞስኮ ሲመጣ አርዛማሶች እንዲህ ያለ ሰው በዋዛ አይለቀቅም አሉ። የፍሪሜሶን ማኅበራት ያን ጊዜ ፒተርስበርግን ሞልተዋት ነበር፤ ለአዲስ ገቢ ዓይን የሚሸፍን፣ የሚያስፈራራ፣ ደረጃ በደረጃ የሚፈትን ሥርዓት ነበራቸው። አርዛማሶች ያንኑ ለቫሲሊ ደገሱለት።

በመጀመሪያ ኡቫሮቭ ቤት ሶፋ ላይ አስተኙት። የእንግዶቹን የፀጉር ካፖርት ሁሉ ሰብስበው ከላይ ከመሩበት። ሻኾቭስኮይ ስለ ተዘረፉ ካፖርቶች አስቂኝ ግጥም ጽፎ ስለነበር ነገሩ በዚያ ላይ ለመቀለድ ነው። ምስኪኑ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ከሥር ቆየ። ከዚያ አንሥተው እንደ ተሳላሚ አለበሱት፤ ሰፊ ባርኔጣ፣ በትር፣ ዛጎል የተሰፋበት መጎናጸፊያ። ዓይኑን ሸፍነው ደረጃ እያወጡና እያወረዱ ብዙ አዞሩት። ሽፋኑ ሲነሣ ፊቱ የቆመው ጨርቅ የለበሰ አስቀያሚ አሻንጉሊት ነው፣ የመጥፎ ሥነ ጽሑፍ ምስል። ቀስትና ፍላጻ ሰጥተው ውጋው አሉት። ሲወረውር ከአሻንጉሊቱ ጀርባ የተደበቀ ልጅ ባዶ ሽጉጥ ተኮሰ። ቫሲሊ ደንግጦ ወደቀ። ቀጥሎ በብርድ ደርቆ የጠነከረ ዝይ አሳቀፉት። እሱን እንደታቀፈ ረጅም ንግግር አዳመጠ። በመጨረሻም «የሊፔትስክ ውሃ» ባሉት ፊቱን አጠቡት።

ይህን ሁሉ የታገሠው ሰው ሲያበቃ ምስጋናና ንግግር አቀረበ። «ይኸው» የሚል ስም ወጣለትና የማኅበሩ ሽማግሌ ሆኖ ተሾመ። ግን አንድ ጊዜ መንገድ ላይ የጻፋቸውን ደካማ ስንኞች ቢልክላቸው ከማዕረጉ ዝቅ አድርገው ስሙን ወደ አይብ ዳቦ ቀየሩበት። የተሻለ ግጥም ሲልክ ተመለሰለት። እዚህ ላይ ነው የማኅበሩ ቁም ነገር ብልጭ የሚለው። ቀልድ ይሁን እንጂ ግጥምህ ከወረደ ማንም አይምርህም፤ ሽማግሌያቸውን እንኳ አልማሩትም። ስብሰባ ላይ አንዱ ያመጣውን ሌሎቹ ቃል በቃል ይበልቱለታል። ካራምዚን በ1816 መጀመሪያ የታሪክ መጽሐፉን ለንጉሡ ሊያቀርብ ፒተርስበርግ መጥቶ ሳለ፣ እውነተኛው የሩሲያ አካዳሚ አርዛማስ ነው ብሎ ለሚስቱ ጽፎላታል።

ምስጢራዊ ነበር ወይ? በመልኩ አዎ። ግን የሚደብቀው ነገር አልነበረውም። የቤሴዳን ሰዎች ለማሳቅ ሳይሆን ለመሳቅ የተቋቋመ የጓደኛሞች ክበብ ነው። መንግሥትም አልነካውም። ይህን ከአንድ ሌላ ነገር ጋር አያይዙት። በፌብሩዋሪ 1816፣ ማለትም ቫሲሊ ዝዩን ከማቀፉ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በዚያችው ከተማ ወጣት የጦር መኮንኖች ሌላ ማኅበር መሥርተው ነበር። «የመዳን ኅብረት» ይባላል። ያኛው በእርግጥ ምስጢር ነበረው፤ ዓላማው ገባርነትን ማስቀረትና የንጉሡን ሥልጣን መገደብ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ኒኪታ ሙራቪዮቭ በ1817 አርዛማስ ገባ። ወደዚያ እንመለሳለን።

ትንሹ ፑሽኪን ማኅበሩ ሲቋቋም ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የጻርስኮዬ ሴሎ አዳሪ ትምህርት ቤት የ16 ዓመት ተማሪ ነው። አርዛማሶች ግን ግጥሙን አንብበውታል። ስሙንም «ሌሊት የምትጮኸው ፌንጣ» አሉት፤ ሳይታይ ድምፁ ይሰማል ለማለት። እሱም ገና በይፋ ሳይገባ በ1816 ለዙኮቭስኪ በጻፈው ግጥም ግርጌ «አርዛማሳዊ» ብሎ ፈረመ። የኢትዮጵያ አንባቢ ፑሽኪንን የሚያውቀው በሌላ በኩል ነው። በእናቱ በኩል ቅድመ አያቱ አብራም ሐኒባል ከአፍሪካ የመጣ ነው፤ የቤተሰቡ ትውፊት ከአቢሲኒያ ነው ይላል፣ አጥኚዎች ግን ስለ ትውልድ ስፍራው አይስማሙም። አዲስ አበባ አደባባይ የሰየመችለት በዚህ ዝምድና ነው። ፌንጣዋ ትምህርቷን ጨርሳ በ1817 ወደ ማኅበሩ ስትደርስ ግን ድግሱ እየተበተነ ነበር።

ለምን ተበተነ? የመጀመሪያው ምክንያት ትንሽ ያስቃል። ጠላት አለቀባቸው። ዴርዛቪን በጁላይ 1816 ሞተ፤ ይኸኛው እውነተኛ ሞት ነው። እሱ ከሞተ በኋላ ቤሴዳ አልቆየም፣ ከሰመ። አርዛማሶች ሟች የሚከራዩበት ቤት ተዘጋባቸው። የተከበረ ሞኝነት ፊት ለፊት ካልቆመ ማን ላይ ይቀለዳል? ስብሰባው ቀዘቀዘ፣ ሙሾው መደጋገም ጀመረ። ቃለ ጉባኤውን ሲያነቡት ይሄ ይታወቃል፤ ዙኮቭስኪ እየጻፈ ያለው ለጨዋታው ብቻ ነው። አንዳንዱን በሆሜር ዓይነት ረጅም ስንኝ ጽፎታል፤ ቆንጆ ነው፣ ግን የሚናከስ ጥርስ የለውም።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። በ1817 ሦስት አዲስ ሰዎች ገቡ፤ ሙራቪዮቭ፣ ጄኔራል ሚኻይል ኦርሎቭ እና የአሌክሳንደር ታናሽ ወንድም ኒኮላይ ቱርጌኔቭ። እነዚህ ናፖሊዮንን እስከ ፓሪስ ተከትሎ የተመለሰው ሠራዊት ዘመን ልጆች ናቸው። አውሮፓን አይተዋል። ኒኮላይ ቱርጌኔቭ ስለ ገባርነት እንጂ ስለ ሌላ ሲያወራ የሰማው ሰው ጥቂት ነው። ኦርሎቭ በመግቢያ ንግግሩ ሙሾውን ትቶ ቀጥታ ተናገረ። ይህን ያህል ጭንቅላት ተሰብስቦ ዝይ ብቻ ይበላል ወይ? መጽሔት እናውጣ፣ የፖለቲካ ሐሳብ ለሕዝብ እናድርስ አለ። አሮጌዎቹ አልተቃወሙም። ደንብ ተረቀቀ፣ ሥራ ተከፋፈሉ፣ ርዕስ ተመደበ።

መጽሔቱ አልወጣም። ለእኔ እንደሚመስለኝ ስንፍና ብቻ አይደለም። በቀይ ቆብ ሥር ስድስት ጓደኛሞችን ያስማማ የጋራ ሳቅ ነበር እንጂ የጋራ አቋም አልነበረም። መጽሔት ደግሞ አቋም ይጠይቃል፤ ስለ ገባሩ ምን ትላላችሁ ሲባል ኡቫሮቭና ኒኮላይ ቱርጌኔቭ አንድ መልስ አይሰጡም። የቀረውን የሥራ ዝውውር ጨረሰው። ብሉዶቭ ለንደን ኤምባሲ ተመደበ፣ ዳሽኮቭ ኮንስታንቲኖፕል፣ ፖሌቲካ የሚባለው አባል ዋሽንግተን፣ ኦርሎቭ ኪየቭ። በ1818 አርዛማስ የለም። መፍረሱን ያወጀ ማንም የለም፤ ሙሾም አልወረደለትም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ ቀልድ የለውም። ዲሴምበር 14 ቀን 1825 የመኮንኖቹ ምስጢራዊ ማኅበር ፒተርስበርግ ላይ አመፀ፤ በዚያው ቀን በመድፍ ተበተነ። አምስት ሰዎች ተሰቀሉ። ሙራቪዮቭ ወደ ሳይቤሪያ ተላከ፣ በ1843 እዚያው ሞተ። ኦርሎቭን የንጉሡ ባለሟል የነበረው ወንድሙ አዳነው። ኒኮላይ ቱርጌኔቭ በአመፁ ጊዜ ውጭ አገር ስለነበር በሌለበት ሞት ተፈረደበት፤ ቅጣቱ ኋላ ወደ ከባድ የጉልበት ሥራ ዝቅ አለ፣ እሱ ግን ለፍርዱ አልተመለሰም። የምርመራ ኮሚሽኑን ዘገባ የጻፈው ደግሞ ብሉዶቭ ነው፣ ያው ካሳንድራ። አሌክሳንደር ቱርጌኔቭ ከዚያ በኋላ በአንድ ቤት ሲገናኙ የብሉዶቭን እጅ አልጨብጥም እንዳለ ይነገራል፤ በወንድሜ ላይ የጻፈ እጅ ነው ብሎ።

ከስድስቱ መሥራቾች ሦስቱ ሚኒስትር ሆነዋል። ብሉዶቭ የአገር ውስጥ፣ ዳሽኮቭ የፍትሕ፣ ኡቫሮቭ ከ1833 እስከ 1849 የትምህርት። «ኦርቶዶክስነት፣ የንጉሥ ፍጹም ሥልጣን፣ ሕዝባዊነት» የሚለውን የኒኮላስ ቀዳማዊ ዘመን መፈክር ያወጣው ይኸው ኡቫሮቭ ነው። ትምህርት ሚኒስቴሩን ከእሱ ቀደም ብሎ፣ ከ1824 እስከ 1828፣ ይመራ የነበረው ማን መሰላችሁ? አድሚራል ሺሽኮቭ። አሮጊቷና አዛውንቱ ጠላቷ አንድ ወንበር ላይ ተፈራረቁ። በ1835 ፑሽኪን በኡቫሮቭ ላይ የሚያቆስል የሽሙጥ ግጥም አሳተመ፤ ስሙን አልጠራም፣ ፒተርስበርግ ግን ስለ ማን እንደሆነ ወዲያው አወቀ። የአርዛማስ ትምህርት በአርዛማስ ቤት ላይ ዞረ።

ጓደኝነቱ ግን ሁሉም ጋ አልፈረሰም። ፑሽኪን በ1837 ዱዌል ላይ ቆስሎ ሲሞት አልጋው አጠገብ የነበረው ዙኮቭስኪ ነው። ሬሳውን እስከ ገጠር ገዳም የሸኘው ደግሞ አሌክሳንደር ቱርጌኔቭ፣ የነፋስ በገናው። ሩቅ ዕድሜ የቆየው ቪያዜምስኪ ነበር፤ እስከ 1878 ኖሯል። በስተርጅና በጻፈው ማስታወሻ ገና አርዛማስ ሳይኖር እርስ በርሳችን አርዛማሳውያን ነበርን ይላል። የቫሲሊ ፑሽኪን ሥርዓት ለቫሲሊ ብቻ የተደረገ ጨዋታ እንጂ የማኅበሩ ልማድ አለመሆኑንም አስረግጦ ጽፏል። ሰዎች ከሁሉ ነገር ካፖርቱንና ዝዩን ብቻ ማስታወሳቸው ሳያናድደው አልቀረም።